ከእኔ በፊት ያመለከተችው

ይህን የማወራችሁ እኔ፣ የሰፈር ሰው ስለ ጂን ባወጋ ቁጥር «ማን አየ? ምስክር አለ?» እያልኩ እናቴን እንግዳ ፊት ሳሳፍር ያደግኩ ሰው ነኝ። ሕግ ትምህርት ቤት ስገባ ደግሞ ባሰብኝ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ነገር ለእኔ የለም፣ አለቀ። ስለዚህ ስትሰሙኝ ብትስቁ አልቀየማችሁም፣ እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር፣ ግን እመኑኝ፣ መዝገቡ ላይ ያየሁት ፊርማ የእኔ ነበር።

ነገሩ የሆነው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እያለሁ ነው። እኛ ጋ ከመመረቃችሁ በፊት አንድ የጠበቃ ቢሮ ገብታችሁ የተግባር ልምምድ ማድረግ ግዴታ ነው፣ ትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ይጽፍላችኋል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀበላችሁን ቢሮ ፈልጎ የመቀበያ ደብዳቤ ማምጣት የራሳችሁ ጣጣ ነው። የክፍሌ ልጆች አጎት አላቸው፣ የአባት ጓደኛ አላቸው፣ አንዷማ እናቷ ራሷ ጠበቃ ናት። እኔ የመጣሁት ከኮምቦልቻ ነው፣ ጨርቅ ነጋዴ የነበረው አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ አዲስ አበባ ውስጥ የማውቀው ሰው ቢኖር አከራዬ ናቸው፣ እሳቸውም ስሜን ስለማይዙት «የኋላ ክፍሏ» ነበር የሚሉኝ። ደብዳቤው እስከ ዓርብ አስራ አንድ ሰዓት ድረስ ካልገባ ምረቃዬ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፣ እናቴ ደግሞ ብቻዋን ሱቅ እየጠበቀች የምታስተምረኝ ለአንድ ዓመት የሚተርፍ አቅም ኖሯት አይደለም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአምስት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለውን ደረጃ ሁሉ ስወጣና ስወርድ ከረምኩ። መልሱ የትም አንድ ነው፣ «አስቀምጪው፣ እንደውልልሻለን»። በቀን ውስጥ ከሰው አፍ የምሰማው ነገር እሱ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ነበር፣ አንድ ቀን ክፍሌ ገብቼ ድምፄ መኖሩን ለማረጋገጥ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ጮክ ብዬ አንብቤያለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም፣ እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅኩም፣ አልቅሼ ነው የተኛሁት።

ረቡዕ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሰኔ ነው፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ከወርቅ ቤቶቹ በላይ ያለ አንድ ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊዋ ቀና አለችና፣

«ምን ረስተሽ ተመለስሽ?» አለችኝ።

«አልረሳሁም፣ ማመልከቻ ላስገባ ነው።»

«አሁን አስገባሽ እኮ!»

ሻርፕ ያደረገች ሁሉ አንድ ትመስላቸዋለች ብዬ በሽቄ፣ ማመልከቻዬን ጠረጴዛው ላይ ጥዬላት ወጣሁ። መሳሳት ያለ ነው፣ እዚህ ድረስ ምንም የሚገርም ነገር የለም።

ቀጥሎ የገባሁበት ቢሮ ግን መዝገብ ቤት ያለው ትልቅ ቢሮ ነው፣ የሚገባ ደብዳቤ ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት ይመዘገባል፣ ያመጣውም ሰው ይፈርማል። መዝጋቢዋ ጠና ያሉ፣ ፊታቸው የሚስቅ ሴት ናቸው። ገና በሩ ላይ እንዳዩኝ «እንዴ፣ የእኔ እናት! ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላሽ ናፈቅንሽ?» አሉኝ። እንዳላመንኳቸው ገብቷቸው ነው መሰለኝ፣ መዝገቡን ወደ እኔ አዞሩት። ስሜ ተጽፏል፣ ሐያት ሰይድ፣ የተግባር ልምምድ ጥያቄ፣ የዛሬ ቀን፣ ከጎኑ ፊርማ። ፊርማዬን ከአባቴ ነው የቀዳሁት፣ ጫፉ ወደ ኋላ ይመለስና ስሙን ከሥር ይቆርጠዋል፣ ማንም እንዲህ አይፈርምም። ጣቴን ሳሳርፍበት ቀለሙ ተላቆ ያዘኝ፣ ገና አልደረቀም ነበር።

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አሉኝ ሴትየዋ። «ቅድም ስትስቂ፣ ስታስቂን አልነበር እንዴ? አባትሽንማ፣ ጨርቅ ለክተው ሲጨርሱ አንድ ክንድ የሚጨምሩትን፣ ለምረቃሽ ሲመጡ ሳታስተዋውቂኝ እንዳትቀሪ፣ ቃል ገብተሻል!»

አባቴ እውነትም አንድ ክንድ ይጨምር ነበር። ይህን ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድም ሰው ተናግሬ አላውቅም፣ ለማን ልናገር? እሺ እማማ አልኩና ወጣሁ።

ወደ ክፍሌ ብሄድ ጥሩ ነበር። ግን ሁለት ቀን ነው የቀረኝ፣ ዝርዝሬ ላይ ደግሞ አንድ ቢሮ አለ፣ የአንድ ሽማግሌ ጠበቃ፣ የአቶ ደምሴ፣ ከፈረሰው ፒያሳ በተረፈ አሮጌ ፎቅ ሦስተኛ ደርብ ላይ። መብራት ጠፍቷል፣ ደረጃው የእንጨት ነው፣ እንጨቱ ላይ ደግሞ የእርጥብ ጫማ ዱካ አለ፣ የሚወጣ እንጂ የሚወርድ የለም። ከላዬ የሰው ኮቴ እሰማለሁ፣ ስቆም ይቆማል፣ ስራመድ ይራመዳል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ሐያት!» ብዬ ተጣራሁ።

«አቤት!» አለች ከላይ።

ድምፁን እናንተ ብትሰሙት ምንም አይደለም፣ ደስ ያላት ልጅ ድምፅ ነው። እኔ ግን የራሴን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ደስ ብሎኝ ሳወራ እንዴት እንደነበረም አልረሳሁትም። ሮጬ ወጣሁ፣ ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም፣ መውጫው ደግሞ እኔ የመጣሁበት ደረጃ ብቻ ነው። የአቶ ደምሴ በር ገርበብ ብሏል።

«ግቢ፣ ግቢ» አሉኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ። «የዛሬ ልጆች ጥድፊያችሁ! ተቀብዬሻለሁ ብዬ ደብዳቤውን ብፈርምልሽ ማህተም ሳይመታበት ይዘሽው እብስ አልሽ። ማህተም የሌለው ወረቀት ማን ይቀበልሻል? በይ ተቀመጪ፣ ሻይሽንም ጨርሺ።»

ወንበሩ ሞቅ ይላል። ሻዩ ከግማሽ በታች ሆኗል፣ ገና ይተናል።

«ያንን አመጣሽው? ወይስ እኔ ጋ በቀረው ቅጂ ላይ ልፈርምና ልምታልሽ?»

እኔ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። በሕግ ቋንቋ ይህ ስም አለው፣ ያልሆኑትን ሰው ሆኖ መገኘት፣ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ግን እኔ ደግሞ ሐያት ሰይድ ነኝ፣ መታወቂያዬን ብጠየቅ አሳያለሁ፣ በማን ላይ ነው ያጭበረበርኩት?

«አላመጣሁትም ጋሼ፣ ይኼኛው ይመታልኝ» አልኩ። ሻዩንም ጠጣሁት።

ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤዬን አስገባሁ፣ ከሰዓት ሥራ ጀመርኩ። ዓርብ አቶ ደምሴ ችሎት ሄዱ፣ ጸሐፊያቸውም መዝገብ ለማየት ፍርድ ቤት ወረደች፣ ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። አስር ሰዓት አልፏል፣ በሩ ተንኳኳ፣ ቀስ ተብሎ፣ እንዳያስቀይም ተፈርቶ።

«ይቅርታ» አለች ከውጭ። «ደብዳቤዬ ላይ ማህተም ሳይመታልኝ ሄጄ ነው፣ ዛሬ ነው የሚዘጋው።»

አሁን ድምፅዋ አይስቅም። ማህተሙ እፊቴ ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ቁልፉ እላዩ ላይ ተሰክቷል፣ ተነስቼ መክፈት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ብከፍት ግን ማንን ነው የማገኘው? እሷ ከገባች እኔ የቱ ጋ ነው የምቀመጠው? ከወንበሬ አልተነሳሁም። ሁለተኛ አንኳኳች፣ ጠበቀች፣ ሦስተኛ አንኳኳች።

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለች ለማንም፣ እኔ በየቢሮው እንደምለው፣ ከዚያ ምንም ድምፅ የለም። ጸሐፊዋ ስትመጣ ደረጃው ላይ ሰው አግኝታ እንደሆነ ጠየቅኳት፣ «ማን ይኖራል?» አለችኝ፣ እንጨቱ ግን ርሶ ነበር፣ ዝናብ አልዘነበም።

ተመረቅኩ፣ ዛሬም እዚያው እሠራለሁ፣ ተማሪ ማመልከቻ ይዞ ሲመጣ ቁም አልልም፣ ወንበር እሰጣለሁ፣ ሻይ አስመጣለሁ፣ ሰዎቹ ደግ ናት ይሉኛል። ይህን ታሪክ ለእናቴም አልነገርኳትም። ዓርብ አመሻሽ ላይ ብቻዬን ስሆን ግን አንድ ነገር ይመላለስብኛል፣ ያን ማታ እሷ ኮምቦልቻ ደውላ፣ ያልሞተው አባቷ ስልኩን ሲያነሳ ምን አለችው?