ያልተወጋው ክንድ

የስድስት ዓመቷ ልጅ በቀዶ ጥገና አልጋ ላይ ደሟ አልቆ ሞተች። ጭኗ ላይ ያበጠው መግል ነው ተብሎ ነበር፤ ሲከፈት ግን በደም ሥር የተሞላ ዕጢ ሆኖ ተገኘ። በልጅ ላይ እምብዛም የማይታይ ዓይነት ነው።

ሆስፒታሉ አንዲት ጡረተኛ ነርስ ነገሩን እንድትመረምር ጠራ። ሠራተኞቹ «ወንፊት» ይሏታል፤ ጠጠር አያልፋትም።

ቀዶ ሐኪሙ የተጻፈልኝን አምኜ ከፈትኩ አላት። ከቀዶ ጥገናው በፊት የተነሣውን የእግሯን የጨረር ምስል ያነበበው ሐኪም የጻፈውን ወረቀት ዘረጋላት። ደም ያለበትን ቦታ በምስል ላይ የሚያበራው መድኃኒት በመርፌ ከተሰጠ በኋላ የእብጠቱ መሃል አላበራም ይላል፤ መግል አያበራም፣ እንዲህ ያለ ዕጢ ግን ያበራል። ምስል አንሺው ደግሞ መድኃኒቱን በክንዷ ሰጥቻታለሁ ብሎ ማለ።

መጨረሻ ላይ ወደ እናትየዋ ሄደች። እናት ከቀብሩ ወዲህ «ቀደም ብዬ ባመጣኋት ኖሮ» እያለች ራሷን ስትበላ ነበር የከረመችው።

«ልጄ መርፌ ስታይ ነፍሷ ትወጣለች» አለች። «ያን ምስል አንሺ፣ እባክህ ወንድሜ አትውጋብኝ አልኩት፣ እሺ አለኝ። እየሳቀች ገብታ እየሳቀች ወጣች። እሱን እንኳ እግዜር ይስጠው።»

መርማሪዋ በማግሥቱ አራቱንም በምስል ክፍሉ ሰበሰበችና ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን አበራች።

«ይኼ ከመድኃኒቱ በፊት፣ ይኼ በኋላ ይላል። መድኃኒቱ የሚሄደው በደም ነው። እብጠቱ ባያበራ እንኳ፣ በጤነኛው እግር ያለው ትልቁ የደም ሥር ማብራት ነበረበት። ሁለቱም ላይ ጨለማ ነው። እንግዲህ ልጅቷ አልተወጋችም፤ ያው ምስል ሁለቴ ተነሥቶ ‹በኋላ› ተባለ።» ወደ አንባቢው ዞረች። «አንተም ጽሑፉን አነበብክ እንጂ ምስሉን አላየህም።»

አንባቢው አቀረቀረ። ምስል አንሺው አመነ፤ ሰልፉ ረዝሞ፣ እናትየዋ ለምናው፣ መግል መስሎት ነበር። አልሰጠሁም ብሎ መጻፍ ስንፍና እንዳያስመስልበት ፈራ።

«እኔው ነኛ የገደልኳት» አለች እናት፣ ቀስ ብላ።

«አንቺማ እናት ነሽ፣ ለመንሽ» አለች መርማሪዋ። «እምቢ ማለት፣ ካልሆነም እውነቱን መጻፍ የእሱ ሥራ ነበር።»

እናት ነገሩ ገባት፤ ሆዷ ግን አልቀበል አለ። ምስል አንሺው እግሯ ሥር ሲደፋ በክንዱ ይዛ አነሣችው።

«ተነሥ» አለችው። «አንተስ ይቅርታ የምትለምነው ሰው አለህ። እኔ ማንን ልለምን?»