የሾኮ ምርኮኛ

ያን ቀን እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ ልጄ ሴንቴዋ ዛሬ በሕይወት ትኖር ነበር? ሃያ ዓመት ሙሉ ራሴን ጠየቅሁ። ሁለተኛ ልጇ በሆዷ ሞቶባት ነበርና አዋላጇ በስለት ቆራርጣ ልታወጣው ፈቃዴን ጠየቀችኝ። እኔ ግን... ልጄ ውስጥ ስለት ሲገባ እንዴት ልይ? እምቢ አልኩ። ወላጅ እምቢ ካለ ደግሞ ደንቡ ያው ነው፤ በሩ ይዘጋል፣ ምጠኛዋ ብቻዋን ትቀራለች። "እማ!" ብላ ጠራችኝ። ሦስት ጊዜ። አራተኛው አልመጣም! ጎረቤቱ ሁሉ "ኩሪ እንጂ፣ በምጥ የሞተች ጦር ሜዳ እንደወደቀ ጀግና ናት፤ ሰማይ ላይ ፀሐይን ታጅባለች" አለኝ። ፀሐይ አጃቢ መች አጣች? የሁለት ዓመቷ ልጇ ሾኮ ግን እናት አጣች!

ሾኮን ደጃችን በሚያልፈው የጀልባ ቦይ ውስጥ እንዳትወድቅብኝ በመቀነት ከወገቤ አስሬ አሳደግኋት። ስትዳር ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ የዳሌዋን መጥበብ አይቼ አለቀስኩ። የፈራሁትም አልቀረ፤ ምጡ ሁለተኛ ቀኑን ያዘ። እንፋሎቱ፣ መታሸቱ፣ መራራው መድኃኒት... ምንም! ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አማቷ ፓፓን ብድግ አለች።

"ይብቃ። በሩን ዝጉት፣ ልጅቷም በክብር ትሂድ።"

"ክብሩ ካማረሽ አንቺ ግቢና ይዘጋብሽ!"

"የኔም ልጅ እንዲሁ ሄዳለች። አለቀስኩ?"

ሄጄ የበሩ ደፍ ላይ ተዘረፈጥኩ። "እኔን ሳይረግጥ ይህን በር የሚዘጋ የለም!"

አዋላጇ በላብ ርሳ ቀና አለች። "እማማ፣ ፅንሱ ነፍስ አለው፤ ተጋድሞ ነው። ልመልሰው እሞክራለሁ፤ ሁለቱም እጄ ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። ይፈቅዳሉ?"

ያው ጥያቄ! ምነው እኔኑ ደጋግሞ ይጠይቀኛል? "መልሺው!" አልኩ።

"አያቴ..." አለች ሾኮ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ "በሩ ተዘጋ እንዴ?"

"ወለል ብሏል! ነፋሱ ወገቤን ሊገድለኝ ነው፤ ቶሎ በይልኝ!"

ምጥ ይዟት ሳቀች፤ አምላኬ፣ ሳቀች! "አይዞሽ ንስሬ፣ ጋሻሽን አትጣይ!" ትላለች አዋላጇ። ከዚያ አንድ ረጅም ጩኸት። ከዚያም አዋላጇ እንደ ጦረኛ ፎከረች! "ማረከች! ማረከች!" በእኛ ዘንድ ወላድ ከውጊያ የተመለሰች ጀግና፣ ልጇም ምርኮኛዋ ናትና። በቦዩ የሚያልፉ ቀዛፊዎች ጀልባቸውን አቁመው ፉከራውን ተቀበሉ፤ ሰፈሩ ተናወጠ! ሾኮዬም እንደ ንጉሥ ተቀምጣ "ራበኝ" አለች።

ዕጣ ከልደት በፊት የተቆረጠ ነው ይላሉ። ይሁን። እኔ ግን ዕጣም ቢሆን ደፍ ላይ የተዘረፈጠች አሮጊት ሲያይ የሚያመነታ ይመስለኛል።

ፓፓን ላይ የስድብ መዓት ላወርድባት ዞርኩ። ሕፃኗን አቅፋ፣ ትንሿን ጣቷን ይዛ ቆማለች። ስድቡ ከአፌ ጠፋ። ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀመጠች፤ እንባዋ እንዳይታይ መጎናጸፊያዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እንድታልፍ እግሬን ሰብሰብ አደረግሁላት። ደፉን ተሻግራ ወጣች።