አስኳል የሌለው ክር

እንግዳው የተባለው የቀን ሠራተኛ የሞተው ጎሕ ሲቀድ፣ ኮኪት አጠገብ ባለ የሰሊጥ እርሻ፣ የቀን ሠራተኞች በሚያድሩበት የሣር ዳስ ውስጥ ነው። ዕድሜው ሃያ አልሞላም። ረፋዱ ላይ ሃምሳ አለቃ ያረጋል ከሸሕዲ ሲደርስ፣ ጠባቂዎች የእርሻውን ድሬሰር፣ ሕመምተኞችን የሚያክመውን አዛናውን ከክሊኒኩ አምጥተው፣ እጁን አስረው መሬት አስቀምጠውት ነበር። ጥፋቱን «አሻጥር» ብለውታል። በ1970 ዓ.ም. ይህን ስም ይዞ ወደ ጎንደር የተወሰደ ሰው ሲመለስ ያየ የለም።

«ወንድሜን ገደለው!» አለ የሟች ታላቅ አምባው፣ ደረቱን እየደቃ። «ትናንት በሰጠው ክኒን!» ሁለቱ ወንድማማቾች ለአጨዳ ከጎጃም አብረው ነው የወረዱት።

ያረጋል አይቸኩልም። ፖሊስ ከመሆኑ በፊት አምስት ዓመት በላቦራቶሪ ሠርቷል። የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ አገላብጦ አየ፤ ከክንዱም ደም ቀዳ። ከዚያ ወጥ ቤቷን ሀብትነሽን ጠራት።

«ምን አበላሽው?»

«አጥሚት ነው ጌታው፤ እሱም አልወረደለት። አምስት ቀን ሙሉ ነደደ። እጀ ጠባቡን ሳወልቅለት ስፌቱ ላይ ቅማሉ እንደ ሰሊጥ ተደርድሯል።»

«ከዳሱ ወጥቶ ነበር?»

«ኧረ በምን አቅሙ! ከደጅ እንኳ ደግፌው ነው።»

ያረጋል ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አስደገማት። ቀጥሎ ወደ አዛናው ዞረ።

«ምን ሰጠኸው?»

«ክሎሮኪን። ደሙን አይቼ ነው ጌታዬ፤ ወባ ነበረበት። ደሙን የቀባሁበት መስታወት፣ ስላይዱም አለ።»

«ፊቱን ታስታውሰዋለህ?»

አዛናው አቀረቀረ። «ትናንት መቶ ሃያ ሰው መጣ። ስም እጠራለሁ፣ ጣት ይዘረጋል፣ እወጋለሁ። ፊት የማይበት ጊዜ የለኝም።»

ያረጋል ሁሉንም ጭነት መኪና ላይ አሳፍሮ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወደሚርቀው ክሊኒክ ወሰዳቸው። የቀዳውን ደም በስላይድ ላይ አድርጎ ቀለም አስነካው፤ ሁለቱንም ስላይዶች በማይክሮስኮፑ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ሲነሳ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«ቅረቡ፣ እዩ» አላቸው። «ይህ ትናንት በእንግዳው ስም የተወሰደው ደም ነው። ቀለበት የምትመስለው የወባ ሕዋስ ናት። ቀዩ ነጥብ አስኳሏ ነው፤ የዘር ነገሯ እዚያ ውስጥ በሽፋን ተከቦ ተቀምጧል። በዚህ የእኛን ሕዋስ ትመስላለች። ይህኛው ዛሬ ከሬሳው የቀዳሁት ነው፤ የተጠማዘዘ ክር ብቻ። አስኳል የለው፣ ክፍል የለው፤ የዘር ነገሩ ያለ ሽፋን ተለቅቆ ነው ያለው። ባክቴሪያ ነው። ቅማል የሚያስተላልፈው፣ ግርሻ የሚባለው ትኩሳት።»

«ሁለቱም በሽታ ይዘውት ቢሆንስ?» አለ አንዱ ጠባቂ።

«እኔም አስቤዋለሁ። አምስት ቀን በግርሻ የነደደ ሰው ደም ውስጥ ትናንት እንዴት አንድ ክር ይጠፋል? ዛሬስ በአንድ ቀን ክኒን ወባው ሁሉ ተጠርጎ ይወጣል? ሟቹ ከዳሱ አልወጣም፤ ጣቶቹም አልተወጉም። አዛናው ያየው የሌላ ሰው ደም ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አምባው፣ እጅህን አሳየኝ።»

የግራ እጁ ቀለበት ጣት ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ነበረች።

በሠራተኞቹ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ጠዋት ስም ሲጠራ ለታመመው ጓደኛው «አቤት» የሚልለት አይጠፋም።

«ጣቱ ያልተወጋ ክኒን አይሰጠውም አሉኝ» አለ አምባው። «እሱ መራመድ አልቻለም፤ ትራክተርም አልተገኘ። ሁላችንንም የያዘን ያው ወባ ነው ብዬ፣ ስሙ ሲጠራ አቤት አልኩ።»

ሀብትነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጠባቂው የአዛናውን ገመድ ፈታ፤ አዛናው ግን ከተቀመጠበት አልተነሳም። ትናንት ያላየውን የአምባውን ፊት አሁን እያየው ነበር።

«ለክሩ መድኃኒት አለው?» አምባው ጠየቀ።

«ፔኒሲሊን። የባክቴሪያውን ግድግዳ ያፈርሳል። ወባ ያ ግድግዳ የላትም፤ ባክቴሪያውም በወባ ክኒን አይሞትም።»

«እዚህ ነበረ?»

ያረጋል መዋሸት አማረው፤ አልሆነለትም። «ነበረ።»



«ልሸከመው ብዬ ነበር» አለ አምባው። «ከብዶኝ አይደለም የተውኩት። መንገዱ እንዳያደክመው ብዬ ነው።»