ጓንጉል ያደባበት እሁድ

ጓንጉልን ያገኙት በቡና ማጠቢያው ቦይ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ነው። ውሃው ቁርጭምጭሚት እንኳ አይሸፍንም። ከፍስሐ ገነት ወጣ ብሎ ባለው በዚያ ማጠቢያ ጣቢያ፣ ቀትር ላይ ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ከፀሐይ ሸፍኖ ምሳ መውጣት የተለመደ ነው። በዚያ እሁድም ሠራተኛው ሸፍኖ ሄደ። ፀሐይዋ በረድ ስትል ሊገልጡ ሲመለሱ ሥራ አስኪያጃቸው ማጅራቱን ተመትቶ፣ ቡና የሚገፉበት እንጨት አጠገቡ ወድቆ አገኙት።

የግቢው ጥበቃ ይርጋ በዚያው ዕለት ታሰረ። በሩ የእሱ ነው፤ በዚያ ሰዓት ግን በሩ ላይ አልነበረም። የት እንደነበረ ሲጠየቅ መሬት መሬቱን ያያል። እንዲህ የሚያቀረቅር ሰው ጥፋተኛ መሆን አለበት ተባለ። የእኛ ሰፈር ፍርድ ላይ ፈጣን ነው፤ የሚዘገየው መንገድ ጥገና ላይ ነው።

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ፀሐይወርቅ ከዲላ መጣች። ደልደል ያለች፣ በፀሐይ ሹራብ የማታወልቅ፣ ላያት ሰው ሽንኩርት ልትገዛ የወጣች የምትመስል ሴት ነች። ሳጅን ሲላስ ከሟቹ የሸሚዝ ኪስ የወጣውን በላስቲክ አቀረበላት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«በቆሎ፣ ባቄላና ጀንፈል ቡና። ንፍሮ ሊያስቀቅል ነበር መሰለኝ» አለ ሲላስ፣ ቀልዱ ራሱን ደስ ብሎት።

«እናትህ ቤት ጀንፈል ከነቅርፊቱ የገባበት ንፍሮ በልተህ ታውቃለህ?»

ሲላስ ሳቁን ዋጠ። እሷ ፍሬዎቹን ጠረጴዛው ላይ በተነቻቸው። ውሃ ቢነካቸውም በእጅ ብዛት ወዝተዋል።

«ይሄ የሚበላ አይደለም፤ የሚሸናነፉበት ነው። ሰውዬው ካርታ ይጫወት ነበር?»

«ኧረ ኢንስፔክተር! እዚህ? ያውም እሁድ?»

«እስቲ መጋዘኑን አሳየኝ።»

መጋዘኑ ውስጥ አንድ የተገለበጠ ሳጥን ነበር፤ ዙሪያውን ለመቀመጫ የታጠፉ አራት ጆንያዎች። መስኮቱ ሥር ደግሞ የቦቲ ጫማ ደጋግሞ ረግጦ ወለሉን አጥቁሮታል። አንድ ሰው ጀርባውን ለጨዋታው ሰጥቶ ወደ ውጭ ሲያይ ይቆም ነበር ማለት ነው።

«ይርጋ ምን ዓይነት ጫማ ያደርጋል?»

«ቦቲ» አለ ሲላስ፣ ቀስ ብሎ።

«አየህ? በሩ ላይ ያልነበረው እዚህ ስለነበረ ነው። መቀመጫው አራት፣ የፍሬው ዓይነት ግን ሦስት። አራተኛው የት ሄደ?»

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሰፈሩን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር እዮብን ነው። እዮብ የጸሎት ቤቱም ሽማግሌ ነው፤ የሟቹ የቅርብ ወዳጅ ነበር።

«ጋሽ እዮብ፣ እሁድ ቀትር ላይ የት ነበሩ?»

«ቡሌ። የታመመ ሰው ልጠይቅ ሄጄ።»

«መንገዱ አስቸጋሪ ነው ይላሉ።»

«በሞተር ነው የሄድኩት። ከዚያ ደግሞ በእግር።»

«ታዲያ ተሻለው?»

«ማን?»

ፀሐይወርቅ ዓይኑን ዓይኑን አየችው። የርዕሰ መምህሩ ጆሮ እንደ እሸት ቡና ቀላ።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ።»

«እሱንማ አልጠየቅሁዎትም፣ ጋሼ።»

ቀጥሎ አሌክስ ነበር፣ ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የጣቢያው ጥራት ተቆጣጣሪ የሆነው ወጣት። መልቀሚያው ጠረጴዛ ላይ አገኘችው። ዓይኑ እሷ ላይ፣ ጣቶቹ ቡናው ላይ፤ የተበላሸውን ፍሬ ሳያይ እየለየ ወደ ጎን ይጥላል።

«ካርታ ትችላለህ?»

«ኖ ኖ፣ እኔ ዳማ እንኳን አልችልም።»

«እሁድስ?»

«ቤቴ ተኝቼ። ሰንደይ ሬስት ነው።»

«ከጓንጉል ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ኖርማል። ሳቂታ ሰው ነበር። እኔን ሲያይ ደግሞ ይብስበታል።»

ስትወጣ የለየው ክምር ውስጥ አንድ ጤነኛ ፍሬ ፈለገች፤ አላገኘችም።

ማክሰኞ ፀሐይወርቅ ባቄላውን ይዛ ወደ ሥርጉት ሻይ ቤት ገባች። ሥርጉት ባሏ ከሞተ በኋላ ቤቱን ብቻዋን ቀጥ አድርጋ የያዘች፣ ምላሷ ከሻይዋ የሚተኩስ ሴት ነች። ፀሐይወርቅ ከደጁ ጆንያ አንድ ባቄላ አንስታ ከሟቹ ኪስ የወጣው አጠገብ አስቀመጠችው።

«እህቴ፣ ባቄላ ሁሉ ባቄላ ነው» አለች ሥርጉት።

«እውነትሽን ነው። ጥበቃም ሁሉ ጥበቃ ነው፤ ይርጋም እዚያው እስር ቤት ይቀመጥ።»

ሥርጉት የያዘችውን ብርጭቆ አኖረችና ከፊቷ ተቀመጠች።

«ፖከር ነው የምንጫወተው። አራት ነን። በገንዘብ አይደለም፣ በፍሬ ነው፤ የተሸነፈ ለስላሳ ይጋብዛል። ጋሽ እዮብ አሜን ብሎ ሳይጨርስ ነው ከመድረክ ወርዶ በጓሮ የሚመጣው። ይርጋ ሰው እንዳይደርስብን መስኮቱ ላይ ይቆምልናል።»

«ጓንጉል ጎበዝ ነበር?»

«ያደባል። ሌላ ሰው ጥሩ ካርድ ሲገባለት ፍሬ ይጨምራል፣ ተጋጣሚውን ያስወጣል። እሱ ግን ያኔ ነው የሚተክዘው። ‹ዛሬስ አልሆነልኝም› እያለ ምንም ሳይጨምር ያሳልፋል። እኛ ባዶ እጅ ይዘን አብረነው እንድንገባ ነው። ስንገባለት ይበላናል። ያን ዕለትም ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያ ሲበላን ቆየ፣ በተለይ አሌክስን። የመጨረሻው ላይ ሦስት አስ ይዞ ተከዘ። ትንሽ ቢጨምር ኖሮ እኔ በዚያ በማይረባ ካርድ ወጥቼ ነበር። ዝም ሲል ቆየሁ፤ የመጨረሻዋ ካርድ ስትገለጥ አምስት ተከታታይ ካርድ ገጠመልኝ።» ፈገግታ መጣላትና ወዲያው አፈረችበት። «በላሁት። እሱም ሳቀና ‹ይሄ ያምልጠኝ፤ ማክሰኞ ገዢዎቹ ሲመጡ የምገልጠው ሌላ ካርድ አለኝ› አለ። ሲናገር አሌክስን ነበር የሚያየው።»

«ከዚያስ?»

«አሌክስ ‹ቡናውን ልይ› ብሎ ቀድሞ ወጣ። ይርጋ እኔንና ጋሽ እዮብን ሰው እንዳያየን በእንሰቱ መሀል አድርጎ እስከ መንገዱ ሸኘን። ገና ከእኛ ጋር ቆሞ እያለ ነው ሬሳውን ያገኙት ሠራተኞች ከጣቢያው ሲጮኹ የሰማነው።»

«እና ይርጋ ሲታሰር ዝም አላችሁ?»

«ጋሽ እዮብ ለመነኝ። እኔም ብሆን… የቁማርተኛ ሻይ ማን ይጠጣል?» ጠረጴዛው ላይ የሌለ ፍርፋሪ መጥረግ ጀመረች።

«አሌክስ በምን ነበር የሚጫወተው?»

«በታጠበ ቡና። ከእሱ የበላሁት እዚያ ሲኒ ውስጥ አለ።»

ፀሐይወርቅ አንዱን ፍሬ በጥርሷ ፈልቅቃ አየችውና ሲኒውን ወሰደች።

«እስክጠራሽ ድረስ ለማንም አትናገሪ።»

«ይርጋስ?»

«ትንሽ ይቆይ።»

ሐሙስ ሁሉም መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ እዮብ፣ አሌክስ፣ ሥርጉት፣ የይርጋ ሚስት ድንቅነሽ። ሲላስ ይርጋን በካቴና ይዞት መጣ። ፀሐይወርቅ ሳጥኑ ላይ በቆሎውን፣ ባቄላውንና ጀንፈሉን ለየብቻ ደረደረች።

«አራት ሰው ተጫውቷል፤ የሟቹ ኪስ ውስጥ ግን የሦስት ሰው ፍሬ ብቻ ነው ያለው። በቆሎው የጋሽ እዮብ፣ ባቄላው የሥርጉት፣ ጀንፈሉ የራሱ።»

«በቆሎ የእኔ ብቻ ነው እንዴ?» አለ እዮብ በቀጭን ድምፅ።

«ይተዉ ጋሼ» አለች ሥርጉት፣ «ተናግሬያለሁ።»

እዮብ ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። ፀሐይወርቅ ቀጠለች፦

«ጓንጉል የበላውን ኪሱ ከትቶ ማንቀጫቀጭ ይወድ ነበር። በዚያ ቀን አብዝቶ የበላው ከአሌክስ ነው። የአሌክስ ፍሬ ግን አንድም የለም። አንድ ሰው ከሞተ በኋላ አውጥቶታል። ጋሽ እዮብ ቢሆኑ ኖሮ ኪሱን እንዳለ ገልብጠው ይሄዱ ነበር። እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የማደርገው። በዚያ ድንጋጤ መሀል አንዱን ዓይነት ለቅሞ ሌላውን መልሶ የሚከት፣ ጣቱ ሳይታዘዝ መልቀም የለመደ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ አሌክስ ጣቶች ዞሩ። አሌክስ እጆቹን ኪሱ ከተተ።

«ለምን ለቀመው?» ሲኒውን አነሳች። «አዲስ የታጠበ ቡና ሲፈለቀቅ አረንጓዴ ነው። ይሄ ነጥቷል፤ አሮጌ ቡና ነው። አሌክስ ከአልጋው ላይ አዲሱን እያወጣ አሮጌውን ይተካ ነበር። ለጨዋታ ጥሩ ቡና ማባከን ስላሳሳው ከአሮጌው ዘግኖ መጣ። ጓንጉልም እዚሁ ሳጥን ላይ አየው። አየና አደባ። ገዢዎቹ ፊት እስኪገልጠው በየእሁዱ ፈገግ አለ። ጋሽ እዮብ፣ ሥርጉትና ይርጋ አብረው ወጥተዋል፤ ከጓንጉል ጋር ግቢው ውስጥ የቀረው አንድ ሰው ነው። የወጣውን አዲስ ቡና ደግሞ ትናንት ዲላ፣ አሌክስ በተከራየው ቤት አገኘነው።»

አሌክስ እጆቹን ከኪሱ አወጣ።

«ያውቅ ነበር» አለ። «ስንት እሁድ ያውቃል፤ አንድ ቀን ‹ተው› አላለኝም። ልለምነው ነበር የተመለስኩት። ሳቀብኝ። ‹አትቸኩል፣ ገና ነው› አለኝ። ቢቆጣኝ እኮ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር።»

ሲላስ ካቴናውን ከይርጋ እጅ አውልቆ የአሌክስ እጅ ላይ አሰረ።

እዮብ ተነሳ። ስብከት ላይ ድምፁ እስከ ገበያው የሚሰማ ሰው አሁን ለራሱም የሚሰማ አይመስልም። «ይርጋ፣ ወንድሜ…»

«ዝም ያልኩት ለስምዎ ብዬ ነው፣ ጋሼ» አለ ይርጋ። አሁንም መሬት መሬቱን ያያል። «እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ቀን ጠበቅሁ። ከዚያ ስለ እርስዎ እኔ አፈርኩ።»

«ይቅር በለኝ።»

ድንቅነሽ ባሏ ፊት ገብታ ቆመች።

«እዚህ አይደለም» አለች። «እዚህ እኛ ብቻ ነን። እሁድ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ፣ እዚያ መድረክ ላይ ወጥተው ይናገሩ። ካርታውንም፣ ዝም ያሉትንም።»

እዮብ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ፀሐይወርቅ ሹራቧን አስተካክላ ወደ በሩ ስትሄድ ድንቅነሽ ወደ እሷ ዞረች።

«እርስዎስ ይርጋ እንዳልገደለ መቼ አወቁ?»

ኢንስፔክተሯ መዋሸት ትችል ነበር። «ማክሰኞ» አለች። «አሌክስ እንዳይጠረጥርና ቡናውን እንዳያሸሽ ብዬ ነው።»

«ረቡዕ ለቅሶ ቤት ቆጮ ይዤ ሄድኩ። ሴቶቹ ከነቅጠሉ መለሱልኝ። ‹የገዳይ ቤት እህል አንቀምስም› አሉኝ። እንደያዝኩት ስመለስ መንገድ ላይ ልጆች አዩኝ። እርስዎ ያን ቀን ያውቁ ነበር።»

ሥርጉት አንገቷን ደፍታ «እርስዎም ያደባሉ ለካ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ብዙ ሌባና ነፍሰ ገዳይ ፊት ያላቀረቀረችው ፀሐይወርቅ፣ የእርሻ ጭቃ የያዘ ቀሚስ ለብሳ በቆመችው ድንቅነሽ ፊት አቀረቀረች።

«ጸሎቱ እሁድ ስንት ሰዓት ይጀምራል?» ብላ ጠየቀች።

ድንቅነሽ ነገረቻት።