የንጉሡ ነጭ ፊት

አቴናና ስፓርታ ጦር ከተማዘዙ ዘጠነኛው ዓመት፣ ክረምቱ አልፎ ባሕሩ ለመርከብ የተከፈተበት የኤላፌቦልዮን ወር ነበር፤ የዲዮኒሶስ በዓል ስለ ደረሰ ከየደሴቱ ግብር ይዞ የመጣው እንግዳ ከተማውን አጨናንቆት፣ በሜሊቴ ሰፈር ጠባብ መንገድ አህያ እንኳ መዞሪያ አጥታ ነበር።

በዚያ ሰፈር መኔክሌስ የሚባል ጭምብል ሠሪ ይኖር ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአቴና ትያትር ለነገሡት ነገሥታትና ላለቀሱት ንግሥታት ፊት የሰጣቸው እሱ ነው፤ የተልባ እግር ጨርቅ በሙጫ እየነከረ በሸክላ ቅርጽ ላይ ሲደርበው፣ ከእጁ የሚወጣው ፊት ሊናገር የተዘጋጀ ሰው ይመስል ነበር። ይህን ጠላቶቹ እንኳ አይክዱትም። ትዕቢቱም የእጁን ያህል ነበረ።

ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ግን ዓይኑን ጉም ይጋርደው ጀመር። ከልጁ ከቴያኖ በቀር ይህን ያወቀ አልነበረም፤ እሷም ያወቀችው ነግሯት ሳይሆን፣ የወይራውን ፍሬ ከሳህኑ ውጭ በዳበሳ ሲፈልግ አይታ ነው። ላግዝዎት ብትለው ተቆጥቶ ከሥራ ቤቱ አባረራት፤ የቀለም ማሰሮዎቹንም ብርሃን ፍለጋ በገዛ እጁ ወደ መስኮቱ አዛወራቸው።

በተውኔቱ ዋዜማ ማለዳ ቴያኖ ወደ ሥራ ቤቱ ብቅ ስትል፣ የንጉሡ ጭምብል በምስማር ተሰቅሎ ሲደርቅ አየችና እጇን በአፏ ላይ ጫነች። በአቴና ትያትር የወንድ ፊት ጠይም ነው፤ ነጭ ፊት የሴት ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ታላቁ ንጉሥ ግን ከግንባሩ እስከ ጉንጩ እንደ ሙሽራ ነጥቶ ተንጠልጥሏል። ነገ በዚህ ፊት ከወጣና ሕዝቡ ከሳቀ፣ የሠላሳ ዓመቱ ስም በአንድ ጠዋት የገበያ መሳቂያ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

«አባዬ፣» አለች ቀስ ብላ፤ «ይሄ የንግሥቲቱ ነው?»

«ጢም ያላት ንግሥት የት አገር አየሽ? የንጉሡ ነው እንጂ!»

«እንግዲያው ቀለሙ ነጭ ነው።»

«ምን? እኔ ነኝ ጠይሙን ከነጩ የማልለየው? አንቺ ሳትወለጂ ነው ቀለም የበጠበጥኩት!»

«በእናቴ አጥንት ልለምንዎት፤ ነገ አሥራ አራት ሺህ ሰው ይስቅብዎታል።»

«ጠይም ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው!» ብሎ ማለ፤ ጠረጴዛውንም በጡጫ መታው።

ቴያኖ እንባዋ መጣ። መሐላው ከደረሰበት ከርሟል፤ ያላመነው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ሳትናገር በሩ አጠገብ ቁጭ አለች።

ቀትር ላይ ዴክስዮስ መጣ። የነገውን ንጉሥ የሚጫወት፣ ድምፁ እስከ ላይኛው መቀመጫ የሚሰማ ስመ ጥር ተዋናይ ነው።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ? ዘውዴን ልወስድ መጣሁ።»

«ዘውድህ ከነጭንቅላትህ ተሰቅሎልሃል፤ ውሰድ። የአፉን ቀዳዳ ሰፋ አድርጌልሃለሁ፤ አንተ ስትጮኽ በሬም ይደነብራል።»

ዴክስዮስ እየሳቀ ወደ ምስማሩ ዞረ፤ ዞሮም ሳቁ በአፉ ላይ ቀረ። ቴያኖን አያት፤ እሷም አንገቷን ደፋች። ቢናገር የሽማግሌውን ክብር ሊሰብር ነው፤ ዝም ቢል ነገ ራሱ ሊሰበር ነው። ጥቂት አሰበና በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ጋሼ። ይሄ ንጉሥ አንድ ልጁን በሐሰት ወሬ ወደ በረሃ ያባርራል። ሚስቱ ንጹሕ ነው ትለዋለች፤ ሎሌው ይነግረዋል፤ ሕዝቡ ይነግረዋል፤ አይሰማም። ታዲያ እውነቱ የሚገባው መቼ ላይ ነው? ነገ እዚያች ቦታ ላይ እንዳልሳሳት ጨንቆኛል።»

«አንተ ደግሞ! ሃያ ዓመት ነግሠህ ይሄ ጠፋህ?» አለ መኔክሌስ ደስ ብሎት፤ ማስተማር ይወድ ነበር። «እየነገሩት ሳሉማ እንዴት ይገባዋል? ሲነግሩት ይቆጣል፤ ቁጣው ጆሮውን ይደፍነዋል። የሚገባው ሁሉም ተስፋ ቆርጠው ዝም ያሉት ጊዜ ነው።»

ማንም አልመለሰለትም። በመንገድ አንድ አህያ ነጂ ይሳደባል፤ በቤቱ ውስጥ ግን ዝም።

ሽማግሌው ፈገግ እንዳለ ቆየ፤ ቀስ በቀስም ፈገግታው ከፊቱ ለቀቀ። «ምነው ሁለታችሁም ዝም አላችሁ?» አለ። ተነሥቶ ግድግዳውን እየዳበሰ ጭምብሉን አገኘው፤ ጣቶቹ ቅንድቡን፣ አፍንጫውን፣ ጢሙን አወቁ፤ ቀለም ግን በጣት አይታወቅም።

«ቴያኖ።»

«አቤት።»

«ነጭ ነው?»

«ነጭ ነው፣ አባዬ።»

መኔክሌስ ባለበት ወለሉ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። «አላይም፣ ልጄ። ከክረምት ጀምሮ አላይም። ፊትሽን እንኳ የማየው በልምድ ነው» አለ። እንዲህ ያለው ደግሞ በተዋናይ ፊት ነው፤ ተዋናይ ማለት ወሬን ከደጅ ወደ ደጅ የሚያደርስ ፍጥረት መሆኑን እያወቀ። ከሠራው ፊት ሁሉ ይልቅ ይህች ቃሉ ከበደችው፤ ግን ተናገራት።

ቆይቶም፣ «ለመለዋወጫ የሠራሁት ሌላው የንጉሥ ፊት ሳይቀባ ደርቋል፤ ጠይሙን አንቺ ቅቢው። ይሄን ስበሪው» አላት።

«የለም፣ አይሰበርም!» አለ ዴክስዮስ። «ጠይሙን አድርጌ እገባለሁ፤ የልጄን ሞት ሰምቼ፣ ጥፋቴን አውቄ ስወጣ ግን ይሄን አደርጋለሁ። ያን የሰማ ሰው ፊቱ ላይ ደም ይቀረዋል እንዴ?»

«ይስቃሉ።»

«ሊስቁም ይችላሉ።»

ጥፋትን ሰባብሮ ምድጃ ውስጥ መክተት ቀላል ነው፤ በአሥራ አራት ሺህ ሰው ፊት ማቆም ግን ሌላ ነው። በመጨረሻ መኔክሌስ፣ «ውሰደው» አለ።

በማግሥቱ ጠዋት አባትና ልጅ በላይኛው የእንጨት መቀመጫ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ንጉሡ ቴያኖ በቀባችው ጠይም ፊት ገባ፤ ፎከረ፣ ልጁን አባረረ፤ መርዶው ሲደርስም ጮኾ ወደ ውስጥ ገባ። መኔክሌስ የልጁን እጅ ጨበጠ።

«ወጣ?»

«ወጣ።»

ከታች አንድ ሰው ሳቀ። መኔክሌስ ያቺ ሳቅ ስትበዛ፣ ኮረብታውን ስትሞላ ጠበቀ፤ ሳቂው ግን ብቻውን ቀረና አፍሮ ዝም አለ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ዝም ብለዋል፣ አባዬ። ሁሉም።»

ይህን ዝምታ ከትናንት ጀምሮ ያውቀዋል። ከዚያም በስተቀኝ በኩል አንድ ሽማግሌ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ፤ ልጁን እምቢ እያለው ወደ ጦርነት የሰደደ፣ አስከሬኑንም ያላገኘ ሰው ነበር።

ተውኔቱ ሲያበቃ ሰው መኔክሌስን ከበበው። «አንተ ሰው፣ ምን ዓይነት ብልሃት ነው! ንጉሥን ነጭ አድርጎ ማውጣትን ማን አስቦት ያውቃል?» ይሉታል። ዝም ቢል ክብሩ በእጥፍ ይመለስለት ነበር፤ የሚያውቁት ልጁና ዴክስዮስ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም አይናገሩበትም። እሱ ግን በትሩን ተደግፎ ቆመና፣

«ብልሃት አይደለም፤ ስህተት ነው!» አለ። «ዓይኔ ጠፍቷል። ማሰሮ ተሳስቼ ነው የቀባሁት፤ ልጄ ብትነግረኝ ሰደብኳት። ጠይሙን ንጉሥ የሠራችውም እሷ ናት።»

ሰዎቹ ተያይተው ሳቁ። «አይ ትሕትና! ሊቅ እኮ እንዲህ ነው!» አሉና ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ሄዱ። መሐላው አፉ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠው።

ዳኞቹ ለዚያ ተውኔት ሁለተኛነትን ሰጡት፤ በድንጋይ የተቀረጸው የአንደኛውን ተውኔት ወጪ የሸፈነው ባለጸጋ ስም ነው። ነጩ ጭምብል እንደ ልማዱ በዲዮኒሶስ ቤተ መቅደስ ተሰቀለ፤ ጨርቅ ነውና እርጥበትና አይጥ ተካፈሉት። በሙያው ሰዎች ዘንድ የቀረው ወሬ፣ መኔክሌስ የሚባል ጠቢብ ንጉሥን በነጭ ፊት አውጥቶ ሕዝቡን ያስለቀሰ መሆኑ ብቻ ነው፤ ታሪክ ብልሃቱን ወድዶ ያዘ፤ እውነቱን የተናገረበትን ቀን ግን እንደ ቀልድ ጣለው። የዚያ ሰው ትልቅነት ግን ያን ቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ በሜሊቴው ሥራ ቤት ቀለም የምትቀባው ቴያኖ ሆነች። አባቷ ከጎኗ ተቀምጦ ጨርቁን በሙጫ ይነክራል፤ አንዱ ፊት ባለቀ ቁጥርም፣ «ምን ይመስላል፣ ልጄ?» ብሎ ይጠይቃታል፤ የነገረችውንም ያምናል።