ለከርከሮ ነው የተባለው ጉድጓድ

እርሻ ያላችሁ ሁሉ ይህን ስሙኝ። በጨፋ ማሽላ ሲያሸት መንገደኛ ገብቶ አንድ ራስ ቢቀጥፍ ማንም አይቆጣም። በአፍ የገባ ሐላል ነው፣ በከረጢት የወጣ ስርቆት ነው ሲባል ኖሯል። በጀይሉ እንድሪስ ላይ የደረሰው ግን የከረጢቱ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ማሽላው ታጭዶ ተወሰደበት።

ጀይሉ ተናደደ። በእሾህ አጥሩ ሽንቁር ሥር ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ጫፋቸውን አሹሎ በእሳት የለበለባቸውን እንጨቶች ተከለበት፤ ላዩን በአገዳ ሸፈነው።

"ይኸ ደግሞ ለምንድን ነው?" አለችው ሚስቱ ረቢአ።

"ለከርከሮ።"

"ከርከሮ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው በሚሻገርበት ሽንቁር የሚያልፈው? ኧረ ተው፣ የአሻ አባት!"

"መሬቱ የእኔ ነው። ሳይጠራ የገባ ደሙ በራሱ ላይ ነው። አንቺ ደግሞ የሌባ ጠበቃ ሆነሽ አረፍሽው?"

በገበያ ቀን፣ ሰዉ ሁሉ ጨፋ ሮቢት በወረደበት ሰዓት፣ ከአጥሩ በኩል የሰው ጩኸት ተሰማ። ጀይሉ ዱላውን ይዞ ሮጠ። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጎረቤቱ ሙህዲን ነበር፤ ማጭዱ ከጉድጓዱ አፍ ወድቋል፣ በሌላ በኩል ገብቶ የቆረጠው ማሽላም ተበትኗል።

"አገኘሁህ! አንተ ኖረሃላ!" ብሎ ጀይሉ በዱላው መታው። የክንዱ አጥንት ሲሰበር ተሰማ።

"እግሬን፣ ጀይሉ! ያ ረቢ! እግሬን ተመልከትልኝ!"

ጀይሉ ዱላውን ለሁለተኛ ጊዜ እንዳነሳ ቁልቁል አየ። እንጨቱ በሙህዲን ውስጥ እግር ገብቶ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ወጥቷል። ረቢአ ደርሳ ዱላውን ነጠቀችውና ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። እንጨቱ አልነቀል አለ፤ ከሥሩ በመጥረቢያ መቁረጥ ግድ ሆነ። መጥረቢያው ባረፈ ቁጥር ሙህዲን ይጮኻል፣ ደሙም የረቢአን ቀሚስ ያርሳል።

በዚህ መሐል የሙህዲን ወንድም ሸምሱ ደረሰ። የወደቀውን ማጭድ አንስቶ የጀይሉን ጉንጭ ከጆሮው እስከ አገጩ ተረተረው። ጩኸቱን ሰምተው የመጡ ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን መሐል ባይገቡ ኖሮ የዚያን ቀን ሬሳ ይነሳ ነበር።

የሙህዲን ቁስል አመረቀዘ። ደሴ ሆስፒታል ተወስዶ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ነገሩ ከሚሴ ችሎት ቀረበ። ከደጅ የተቀመጠ ማመልከቻ ጸሐፊ ጀይሉን፣ "ለከርከሮ ነው በል፤ ሌላ ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ። ነጻ ትወጣለህ" ብሎ መከረው። ጀይሉም እንደዚያው አለ።

"ለከርከሮ ከሆነ በቁርኣን ይማልልን! እኛም እንተዋለን" አለ ሸምሱ።

ዳኛው ፈቀዱ። ቁርኣኑ ቀረበ። ጀይሉ ታጥቦ ውዱእ አድርጎ መጣ፣ እጁንም ዘረጋ። ሙህዲን በአንድ እግሩ ግድግዳ ተደግፎ ያየዋል። ረቢአ ከሴቶቹ መሐል ቆማ አንገቷን ደፍታለች። የተዘረጋው እጅ እዚያው አየር ላይ ቆመ።

"አልምልም" አለ ጀይሉ። "ለሰው ነው የቆፈርኩት። ሰው እንደሚያልፍበት እያወቅሁ ነው።"



"ግን ሌባ ነው፣ ጌታዬ! መሬቱም የእኔ ነው" ብሎ ጨመረ።

"ሌባውን ይዘኸው ብትመጣ እኔ እቀጣው ነበር" አሉ ዳኛው። "ተደብቆ የሚወጋ ነገር ግን ሌባና በጨለማ የምታልፍ አዋላጅ አይለይም። መሬቱ ያንተ ነው፤ በላዩ የቆመው ሰው እግር ግን ያንተ አይደለም።"

ጀይሉ ሦስት ዓመት ተፈረደበት፤ ለሙህዲንም ካሳ እንዲከፍል ተወሰነ። ሙህዲን ለስርቆቱ፣ ሸምሱም ለማጭዱ ከቅጣት አላመለጡም።

ወገኖቼ፣ እርሻችሁን ጠብቁ፤ አጥሩ፣ ጩኹ፣ ሌባ ስታገኙ ይዛችሁ ለሕግ አቅርቡ። ነገር ግን በገዛ መሬታችን ላይም ቢሆን የሰው አካል አደራ ነው። በዳዩን የበደለ ሰው፣ እኔ ተበድያለሁ ብሎ ከአላህ ፊት አያመልጥም።

ፖሊሶቹ ጀይሉን ይዘውት ሲወጡ ረቢአ ደጃፉ ላይ ጠበቀችው።

"ጉድጓዱን ድፈኚው" አላት።

"በዚያው ቀን ደፍኜዋለሁ። ካንተ አፍ እውነቱን ነበር የምጠብቀው" አለችው። ከዚያም የራሷን ሻሽ ፈትታ ያልዳነ ጉንጩን ጠረገችለት።