ጀርባቸውን ወደ ምዕራብ ያዞሩ ዓሦች

የስቬሬ ዳልስቦ ሬሳ ከገደሉ ሥር፣ በሁለት ድንጋዮች መካከል በአፉ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል። ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ የባሕር ወፎች አንድ ጆሮውን ጨርሰውታል። መርማሪዋ ቶርዲስ ሞ ግን ብዙ የቆየችው ቀኝ እጁ ላይ ነበር። አራቱ ጣቶቹ እንደ ተወቀጠ ዝንጅብል ደቅቀዋል፤ አውራ ጣቱ ጭረት እንኳ የለበትም።

«ከገደል ሲወድቅ ነዋ» አለ ረዳቷ ሼቲል።

«ገደል ጣት እየመረጠ አይፈጭም» አለችው።

ስቬሬ የዚችው የደሴት መንደር የሄስቮግ ልጅ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት መንደሩን ጥሎ ሄዶ፣ ዛሬ ጠዋት ወደቡ ፊት ለፊት መልሕቅ በጣለችው ነጭ የሽርሽር መርከብ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ካሜራ አንግቶ ተመለሰ። ታናሽ ወንድሙ ኦድቫር ወደቡ ላይ ጠበቀውና ጫማው ላይ ተፋበት። እናታቸው ስትሞት ያልመጣ፣ አሁን ፎቶ ሊያነሳ መጣ ብሎ፣ መንደርተኛው ሁሉ እየሰማ፣ በእግርህ አትመለስም አለው። እኩለ ቀን ላይ ስቬሬ ሞተ። ጥቂት ቆይቶ ባሕሩ ደም የጠጣ የእንጨት መዶሻ ወደ ዳር ተፋ። የኦድቫር ስም ተቀርጾበታል፤ የደረቀ ዓሣ የሚወቅጥበት ነው።

የቶርዲስ አለቃ በስልክ ሌላ ነገር መስማት አልፈለገም። ኦድቫር በፖሊስ ጀልባ እንዲላክ፣ መርከቧም በአሥራ አንድ ሰዓት እንድትሄድ አዘዘ። መርከቧ ከሄደች ከስቬሬ ጋር የመጡት ሁሉ አብረዋት ይሄዳሉ፤ የስልሳ ስድስት ዓመቱ ኦድቫርም ቀሪ ዘመኑን እስር ቤት ይጨርሳል።

ኦድቫር በገዛ መጋዘኑ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል።

«አንቺ ልጅ» አላት፤ «ልገድለው አስቤ ነበር። አልዋሽሽም። ግን እቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ሲያረጁ ቁጣም ያደክማል።»

«የተኛኸውን ያየ ሰው አለ?»

«ድመቴ።»

ቶርዲስ ከመጋዘኑ ወጥታ ከገደሉ አናት ወዳሉት ዓሣ የሚደርቅባቸው የእንጨት ቆጦች ሄደች። ከብርድ ወራት ጀምሮ የተሰቀለው ዓሣ ጅራቱ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ታስሮ፣ ሆዱ ተሰንጥቆ፣ እንደ እንጨት ደርቆ ተንጠልጥሏል። ከመጨረሻው ቆጥ ሥር ጠጠሩ አዲስ ተገልብጧል። በእግሯ ገለጥ ስታደርገው ከሥሩ ደም አገኘች። ስቬሬ የተመታው እዚህ ነው፤ ተጎትቶ ነው ገደል የተጣለው። ከቆጡ አንዱ አግዳሚ ተሰንጥቋል። ሰውዬው ሲወድቅ ሊይዘው ሞክሯል፤ ዓሣውም አብሮት ረግፏል ማለት ነው። አሁን ግን መሬት ላይ አንድም የለም። ሁሉም ተመልሶ ተሰቅሏል። ቀና ብላ ቆጠረች። ዘጠኝ ጥንድ። ከዚያ የቀረውን ቆጥ ሁሉ ዞራ አየች፤ ተመልሳም ዘጠኙን አየች።

የመርከቧ ሰዎች መዝገባቸውን አሳዩዋት። ከመርከቧ የወረዱት ሌሎቹ መንገደኞች ሁሉ በአውቶቡስ ወደ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። በመንደሩ የቀሩት ከስቬሬ ጋር በአንድ ገበታ የሚበሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው።

ሚስቱ ቬንከ ግራ ክንዷ በጀሶ ታስሯል፤ በጉዞው ሁለተኛ ቀን የመርከቧ ደረጃ ላይ ወድቃ ነው። ቡና ቤት ተቀምጣ ነበር አለች። ጀርመናዊው ሄርማን ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ ነው። በቆጦቹ መካከል ተንሸራሽሯል፤ ዓሣ እንደ ካልሲ ተሰቅሎ አይቶ እንደማያውቅ ነገራት። ሦስተኛው ያርለ ቲንደ፣ ዝምተኛ ሰዓት ሠሪ፣ ኦስሎ ተወልዶ ኦስሎ እንዳደገ፣ ሰሜኑን ገና አሁን ማየቱ እንደሆነ ተናገረ። ሽታው ከምን እንደሆነም ጠየቃት።

«ከዓሣ ነው» አለችው።

«ይከብዳል።»

«ይለመዳል» አለችና ብዕር ሰጠችው፤ ቃሉን እንዲፈርም። ፈረመ። ብዕሩን ሲመልስላት መዳፉ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ክብ የድሮ ጠባሳ አየች።

ወደ ቬንከ ተመልሳ ትናንት ማታ በገበታ ላይ ምን እንደተወራ ጠየቀቻት።

«ስቬሬ ሲሰክር የሚያወራት አንዲት ወሬ አለችው» አለች። «ወጣት ሳለ አሥጋሪ ጀልባ ይመራ ነበር። በማዕበል አንድ ሠራተኛው ባሕር ውስጥ ወደቀና የጀልባውን ጠርዝ ያዘ። ጀልባው ሊገለበጥ ሆነ። ስቬሬ በመጥረቢያ ጀርባ ጣቶቹን መታቸው። ‹አራቱን በአንድ ምት አስለቀቅሁት› ይልና ይስቃል። ትናንትም ሳቀ።»

«ገበታው ላይ ሌላስ የሳቀ ነበር?»

«ሄርማን ተቆጣ። ያርለ ሾርባውን ጨረሰ።»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ከመጨረሻው ቆጥ ሥር ሰበሰበቻቸው። ኦድቫር በካቴናው እንደታሰረ መጣ። የመርከቧ ካፒቴንም ሰዓቱን እያየ ቆመ።

«ስቬሬ የሞተው እዚህ ነው» አለች ቶርዲስ። «ገዳዩ የወደቀ አስመስሎ ወደ ድንጋዩ ጣለው። ዓሣው መሬት ላይ ከቀረ ግን ትግል እንደነበረ ያሳብቃል። ስለዚህ ዘጠኙን ጥንድ መልሶ ሰቀላቸው። ያስያዘውም ይኸው ነው።»

«ዓሣ ያው ዓሣ ነው» አለ ሄርማን።

«እዚህ አይደለም። ዝናብ ሆዱ ውስጥ ከገባ ዓሣው ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ጀርባው ወደ ዝናቡ ይዞራል። በእነዚህ ደሴቶች ሁሉ ዝናብ የሚመጣው ከምዕራብ ነው። ሄስቮግ ብቻ ከኋላዋ ያለው ተራራ ነፋሱን ያዞርባትና ዝናቧ ከምሥራቅ ይመጣል። ኦድቫር የሰቀለው ሁሉ ጀርባው ወደ ምሥራቅ ነው። ዘጠኙ ጥንድ ግን ወደ ምዕራብ ዞሯል።»

ኦድቫር ቀና ብሎ አየ። «ማን ነው ይህን ያበላሸው?» አለ፤ ካቴናውን ረስቶ።

«አንተ አይደለህም። አንተ ዓይንህ ቢታሰር እንኳ እንዲህ አትሰቅልም። ወይዘሮ ቬንከም በአንድ ክንዷ ሬሳ አትጎትትም። አቶ ሄርማን ቢሆን ግማሹን ወዲህ ግማሹን ወዲያ ያዞር ነበር። የሰቀለው ሰው ግን አንዱንም አልተሳሳተም፤ የራሱን ደሴት ሕግ ነው የጠበቀው። ልጅ ሆኖ ዓሣ የሰቀለ፣ ዛሬ ግን ዓሣ አላውቅም የሚል ሰው ነው።»

ያርለ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«አቶ ያርለ፣ የኔን ይዩ» አለችና መዳፏን ዘረጋች። ሁለት ክብ ጠባሳ። «የዓሣ ጭንቅላት ሹል ብረት ላይ ሰክቶ ምላሱን መቁረጥ የደሴቶቹ ልጆች ሥራ ነው። ብረቱ ሲስት እንዲህ ይወጋል። ኦስሎ ተወልዶ ይህን ጠባሳ ያገኘ የለም። አሁን የቀሩት የስቬሬ ጣቶች ናቸው። ለመግደል ጭንቅላቱ ይበቃ ነበር። አራቱን ጣት የጨፈለቀ ሰው የሚመልሰው ብድር ነበረበት። በመጥረቢያ የተመታው ልጅ የማን ነበር?»

ካፒቴኑ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ወንድሜ ነው» አለ ያርለ በመጨረሻ። ድምፁ ውስጥ የኦስሎ ለዛ አልነበረም። «ማዕበል ወሰደው ነበር ያሉን። እናቴ ማዕበሉን ስትራገም ሞተች። ትናንት ሰውዬው ዳቦ እየጎረሰ የአራት ጣቱን ወሬ ነገረኝ፤ የጠራውም ጀልባ ወንድሜ የጠፋበት ነበር። ዛሬ እዚህ ፎቶ ሲያነሳ አገኘሁትና፣ ልጁ ሲለቅ ምን አለ ብዬ ጠየቅሁት። አላስታውስም አለኝ። መዶሻው መጋዘኑ በር ላይ ነበር።»

«እኔ ልታሰርልህ ነበር» አለ ኦድቫር።

«ጀልባው ሲመጣ እናገር ነበር» አለ ያርለ። ቀጥሎ ራሱን ነቀነቀ። «አላውቅም። ምናልባት አልናገርም ነበር።»

ሼቲል የኦድቫርን ካቴና ፈትቶ ያርለን አሠረበት። መርከቧ ሁለት ጊዜ ጮኸችና ያለ ሦስት መንገደኞች ሄደች፤ ቬንከ ከሬሳው ጋር ቀርታለች። የፖሊስ ጀልባ እስኪደርስ ያርለ የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ኦድቫር ወደ እሱ ሲራመድ ቶርዲስ ልትይዘው ተጠጋች። እሱ ግን ሌላ ሣጥን ስቦ ከጎኑ ቁጭ አለ።

«ማን ይባል ነበር?»

«ስቱርላ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።»

ኦድቫር ካቴናው ያቀላውን የእጁን አንጓ አሸ።

«ስቬሬ ይህን ወሬ ለኔ ነግሮኝ ቢሆን» አለ፤ «አንተን ሳልጠብቅ በገዛ መዶሻዬ እጨርሰው ነበር።»

ቶርዲስ ሰማችው። ማስታወሻ ደብተሯን ግን አልከፈተችም።